የልብ ሕመምተኛን ከቤት ሆኖ መከታተል፦ ለጎጃም ቤት የትኛው መንገድ ይሻላል?

የልብ ድካም ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ባንድ ሌሊት አይወድቅም። መጀመሪያ ክብደቱ ይጨምራል፤ ቀጥሎ ጫማው ይጠበዋል፤ ባንድ ትራስ ይተኛ የነበረው ሁለትና ሦስት ትራስ ይፈልጋል፤ መጨረሻ ላይ ሌሊት ተነሥቶ አየር ፍለጋ በር ከፍቶ ይቀመጣል። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ቀናት አሉ፣ አንዳንዴም ከሳምንት ይበልጣል። ከቤት ሆኖ የመከታተል ጥቅሙ እነዚያን ቀናት ማትረፍ ነው። ከቢቡኝ ወይም ከጎንቻ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ለመድረስ መንገድ ሲበላሽ ቀን ሙሉ ሊፈጅበት ለሚችል ቤተሰብ፣ ሦስት ቀን ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ገበያው ላይ ያለው ብዙ ነው። ተራ ሚዛንና የግፊት መለኪያ አለ፤ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ አለ፤ የራሱ ሲም ካርድ ያለው አለ፤ የልብ ምትን የሚጽፍ ትንሽ የጣት ሰሌዳና የእጅ ሰዓት አለ፤ ሰውነት ውስጥ የሚቀመጥም አለ። ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ልላክላችሁ?» ሲል «ዘመናዊውን» ማለት ይቀላል። የኛ ምክር ግን መሣሪያውን ከመምረጥዎ በፊት ቁጥሩን የሚያየውን ሰው ይምረጡ የሚል ነው።

ይህ ደግሞ ተፈትኖ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ 1,653 የልብ ድካም ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር። ግማሾቹ በየቀኑ ስልክ እየደወሉ ክብደታቸውንና ምልክታቸውን ለአውቶማቲክ መልስ ሰጪ ያሳውቁ ነበር፤ ከ6 ወር በኋላ ሲታይ ግን በሞትም ሆነ ወደ ሆስፒታል በመመለስ ከሌሎቹ አልተለዩም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1,437 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ጥናትም ሚዛንና ግፊት መለኪያ ቤት ድረስ ሰጥቶ፣ ነርስ በስልክ እያገዘች፣ ዳግም መተኛትን አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የጀርመን ጥናት ግን ውጤት አመጣ። ሚዛን፣ ግፊት መለኪያ፣ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚጽፍ መሣሪያ) እና የኦክስጅን መለኪያ የተሰጣቸው ሕመምተኞች የሞት መጠን ከ100 ሰው በዓመት 7.9 ሲሆን፣ በተለመደው ክትትል የነበሩት 11.3 ነበር። ዋናው ልዩነት ብለን የምናየው፣ በጀርመኑ ጥናት ቀንም ሌሊትም ሐኪምና ነርስ የተቀመጡበት ማዕከል መኖሩ ነው። ቁጥሩ ሲዛባ ይደውላሉ፣ የኪኒን መጠን ይለውጣሉ፣ ካስፈለገም ና ይላሉ። ማንም የማይከፍተው አፕ ውስጥ የተከማቸ ቁጥር ግን ለሕመምተኛው ምንም አያደርግለትም።

ከግዢ በፊት አንድ ወረቀት

ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ ወይም በሚቀጥለው ቀጠሮው ሐኪሙን እነዚህን አስጽፉ፦ ውኃ ያልያዘበት ክብደቱ ስንት ነው? በስንት ቀን ስንት ኪሎ ሲጨምር እንደውል? ሲጨምር የሚያሸናውን ኪኒን (ፉሮሴማይድ ወይም ላሲክስ የሚባለውን) ራሳችን መጨመር ተፈቅዶልናል? ከተፈቀደ ስንት ፍሬ፣ ለስንት ቀን? ግፊቱ ከስንት በታች ሲወርድ መድኃኒት እናቆይ? የምንደውልበት ስልክ የማን ነው፣ በስንት ሰዓት ይነሣል? ማታ ከሆነስ?

ብዙ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የክብደት ወሰን ባንድ ቀን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ፣ ወይም በ3 ቀን ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር ነው። ለእናትዎ የሚሠራው ግን ሐኪማቸው የጻፈላቸው ቁጥር ነው፤ ኩላሊታቸው የተዳከመ ወይም የልብ ቫልቫቸው (ደም የሚያሳልፈው የልብ በር) የጠበበ ሰዎች ወሰናቸው ሊለይ ይችላል። ይህ ወረቀት ከሌለ የትኛውም መሣሪያ ቢገዛ ትርፉ ጭንቀት ነው፤ ወረቀቱ ካለ ግን ተራ ሚዛን ብቻውን ብዙ ሥራ ይሠራል።

አንደኛው መንገድ፦ ደብተር፣ ሚዛን፣ ግፊት መለኪያና የስልክ መልእክት

ለአብዛኛው የጎጃም ገጠርና ትንንሽ ከተማ ይህን ነው የምንመርጠው። ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መብራት ሲጠፋም፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ይሠራል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት እንደቆየ የማያስታውስ የለም፤ በዚያን ጊዜ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ክትትል ሁሉ ቆሞ ነበር። ድምፅና አጭር መልእክት ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ ደብተር ደግሞ ከነጭራሹ ኔትወርክ አይፈልግም።

ሚዛኑ ዲጂታል፣ ቢቻል በ100 ግራም የሚቆጥር ይሁን። ባለ መርፌው ሚዛን ላይ የአንድ ኪሎ ልዩነት ዓይኑ ለደከመ ሰው አይታይም፤ ቁመው ከላይ ሲያዩትና ጎንበስ ብለው ሲያዩትም የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ሰውነት ውስጥ ስብና ውኃ እለካለሁ የሚለውን፣ እግር መርገጫው ላይ ብረት ያለውን «ስማርት» ሚዛን ግን ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል፣ ሰውነት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ) ለተገጠመለት ሰው አይግዙ። ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት በሰውነት ውስጥ ስለሚያሳልፍ አምራቾቹ ራሳቸው ይከለክላሉ።

ትልቁ ችግር ወለሉ ነው። የአፈር ወለል፣ ምንጣፍና ሰሌን ላይ የተቀመጠ ሚዛን እግሮቹ ስለሚሰምጡ አሳንሶ ወይም አዛብቶ ያነባል። ለጥ ያለ ድንጋይ ወይም የማይተጣጠፍ ወፍራም ጣውላ ፈልገው ከግድግዳው ሥር አንድ ቦታ ላይ ያስቀምጡ፤ ሚዛኑ ከዚያ አይነሣ። የሚይዘው ግድግዳ ካጠገቡ መኖሩ ለሚያዞራቸው ሰዎች ይጠቅማል፤ ቁጥሩ ሲቆም ግን እጅ ከግድግዳ ይነሣ።

ሚዛኑን ለመፈተን ሁለት ሊትር የታሸገ ውኃ ይበቃል። አንድ ጤነኛ ሰው ሚዛኑ ላይ ይውጣ፣ ቁጥሩ ይጻፍ። ወርዶ ጠርሙሱን ታቅፎ እንደገና ይውጣ። ልዩነቱ 2 ኪሎ፣ ቢበዛ 100 ወይም 200 ግራም ወዲህ ወዲያ መሆን አለበት። 1.2 ወይም 3 ኪሎ ካሳየ መጀመሪያ ጣውላውን ያስተካክሉ፣ ቀጥሎ ባትሪውን ይለውጡ፣ ካልሆነ ይመልሱት። ይህንኑ ጠርሙስ ለሕመምተኛውም ያሳዩት። «ሁለት ኪሎ ጨመሩ» ማለት ይህን የሚያህል ውኃ ሰውነታቸው ውስጥ ቀርቷል ማለት እንደሆነ በእጅ ሲይዙት ያህል በቃል አይገባም።

አለካኩ እንዲህ ነው፦ ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሡ፣ ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ኪኒን ሳይውጡ፣ በባዶ እግር፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቀላል ልብስ። ጋቢ ለብሶ አንድ ቀን፣ ሳይለብሱ በማግሥቱ መለካት ባዶ ማስፈራሪያ ይፈጥራል፤ ጋቢ ብቻውን ኪሎ አልፎ ሊመዝን ይችላል። የማኅበር ወይም የሠርግ ማግሥት ደግሞ ክብደት ከፍ ይላል፤ ጨው የበዛበት ወጥና ጠላ ውኃ ይዘው ይቆያሉ። ያን ቀን በደብተሩ ኅዳግ «ማኅበር ነበር» ብሎ መጻፍ ነርሷን ብዙ ጥያቄ ያድናታል። በማግሥቱም ካልወረደ ግን ሰበቡ ማኅበሩ ነው ብለው አይተዉት።

ግፊት መለኪያው የክንድ ይሁን። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው እጁ ከልብ ትክክል ካልሆነ ይሳሳታል። ክንድ ላይ ታስሮ የሚነፋ ጨርቅ ሳይኖረው ባረንጓዴ መብራት «ግፊት እለካለሁ» የሚለው ርካሽ ሰዓት ደግሞ መድኃኒት ሊለወጥበት የሚገባ ቁጥር አይሰጥም፤ የአውሮፓ የደም ግፊት ማኅበርም እንዲህ ያሉትን ለምርመራና ለሕክምና ውሳኔ አይመክርም። የመሣሪያውን ሞዴል ቁጥር ከመግዛትዎ በፊት ስትራይድ ቢፒ በተባለው የተፈተኑ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉት። እንደ ኦምሮን ያለ የታወቀ ስም የተጻፈበት ሁሉ የዚያ ፋብሪካ አይደለምና ካርቶኑንና የሞዴል ቁጥሩን ያስተያዩ።

የክንድ ጨርቁ መጠን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። የክንዱን ዙሪያ በትከሻና በክርን መካከል በሜትር ይለኩ፦ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መካከለኛው ይበቃል፣ ከ32 በላይ ከሆነ ትልቁ ያስፈልጋል። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ጨርቅ ማሰር ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ለከሳ ክንድ ሰፊ ጨርቅ ዝቅ ያደርገዋል። ብዙዎቹ የክንድ መለኪያዎች በ4 ኤኤ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ ጨርቁ ቀስ እያለ ሲነፋና መካከል ላይ ሲያቆም ድንጋዩ አልቋል ማለት ነው። አራቱንም ባንድ ጊዜ ይለውጡ፣ አሮጌና አዲስ አያደባልቁ።

አቀማመጡ ላይ የኛ ቤት የራሱ ጣጣ አለው። መደብና በርጩማ ጀርባ አይደግፉም፤ ጀርባ ካልተደገፈ፣ እግር ከተጣጠፈ ወይም ክንድ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ይጨምራል። መደቡ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ሁለቱም እግሮች መሬት ረግጠው፣ ክንዱ በልብ ትክክል እስኪሆን የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ ከሥሩ ይደረግ። 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፤ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ከሁሉ የሚሻለው ከአቦሉ በፊት መለካት ነው። ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ 1 ደቂቃ ቆይተው፣ ጠዋትና ማታ ይለኩ። ለቀጠሮ የሚቀርበው የ7 ቀን ሲሆን የመጀመሪያው ቀን አይቆጠርም፤ የቀረው አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ልቡ በተዘበራረቀ ምት የሚመታ ሰው በየልኬቱ የተለያየ ቁጥር ስለሚያወጣ 3 ጊዜ ለክተው አማካዩን ይያዙ።

መሣሪያውን እንደገዙ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ። በነሱ መለኪያና በእርስዎ እያፈራረቁ በአንድ ክንድ ይለኩ። ልዩነቱ እስከ 5 ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ10 ከበለጠ አይጠቀሙበት።

መልእክቱ አጭርና ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይሁን፦ ክብደት፣ ግፊት፣ ምት፣ የእግር እብጠት (0 ወይም 1)፣ የትራስ ብዛት። «58.4 112/70 84 0 2» ብሎ መላክ ይበቃል። በፊደል የተጻፈ አጭር መልእክት ባንዴ 70 ምልክት ብቻ ይይዛል፤ በቁጥር ብቻ ሲሆን 160 ድረስ ይሄዳል። ቁጥር ደግሞ ማንበብና መጻፍ ያልተማሩት አያትም፣ 3ኛ ክፍል ያለው የልጅ ልጅም ሊያነቡት ይችላሉ። የመሣሪያው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ጠዋት 12 ሰዓት የተለካውን 6፡00 ይለዋል፤ ቀኑም የፈረንጅ ነው። ከመሣሪያው ማስታወሻ ወደ ደብተር የሚገለብጥ ሰው ይህን ካላወቀ የማታው ከጠዋቱ ይደባለቃል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተሩ በሐበሻ ሰዓትና ቀን ብቻ ይጻፍ።

የዚህ መንገድ ድክመት ግልጽ ነው፦ የሚጽፍ ሰው ይረሳል፣ «ደህና ነኝ» ለማለት ያለፈውን ቁጥር ደግሞ የሚጽፍም አለ። ለዚህ መድኃኒቱ ተቀባዩ ወገን ነው። ባሕር ዳር ያለችው ልጅ መልእክቱ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ካልደረሳት ትደውል። «እማዬ፣ ዛሬ ሚዛን ላይ ወጣሽ?» የሚል ጥሪ ከማንኛውም ማስታወሻ ደወል ይበልጣል።

ሁለተኛው መንገድ፦ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኙ

ቤቱ ውስጥ ስማርት ስልክ ያለውና ዘወትር የሚኖር ሰው ካለ፣ የኔትወርኩም ነገር አስተማማኝ በሆነባቸው እንደ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም ባሉ ከተሞች ይህ ጥሩ ምርጫ ነው። ትርፉ ሁለት ነው፦ ቁጥሩ በእጅ ስላልተጻፈ አይሳሳትም፣ የሦስት ወሩ መስመር ባንድ እይታ ይታያል። ሐኪሙ ቀስ እያለ የሚወጣ መስመር ሲያይ ከደብተር ገጾች ፈጥኖ ይረዳል።

ነገር ግን የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ጎረቤት ነው። ግፊት መለኪያ የገባበት ቤት ቡና ላይ ሁሉም ይለካል፤ የጎረቤት 160 ከእናትዎ 110 ጋር ባንድ መስመር ሲቀመጥ ማዶ ያለው ልጅ ይደነግጣል። ሁለት ተጠቃሚ የሚለይ ቁልፍ ያለውን መሣሪያ ይግዙ፤ አንዱ ለሕመምተኛው ብቻ፣ ሁለተኛው ለእንግዳ ይሁን። እንግዳን መከልከል በኛ ባህል አይሆንም፣ መለየት ግን ይቻላል።

ሁለተኛው ስልኩ ነው። በብዙ የቆዩ የአንድሮይድ ስልኮች «ሎኬሽን» ካልተከፈተ ብሉቱዙ መሣሪያውን አያገኘውም። ባትሪ ቆጣቢው ሲበራ አፕን ከጀርባ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ አፑን ከባትሪ ቆጣቢው ዝርዝር ያውጡት። አንዱ ስልክ ከመሣሪያው ጋር ከተጣመረ ሌላው ስልክ ላይገናኝ ይችላል፤ የድሮውን ግንኙነት ሰርዘው እንደገና ያጣምሩ። አካውንቱ ደግሞ ስልክ ባዘጋጀው የሱቅ ልጅ ኢሜይል አይከፈት፤ ስልኩ የጠፋ ቀን የሁለት ዓመት መረጃ አብሮ ይጠፋል፣ የእናትዎም የጤና ምሥጢር በማያውቁት እጅ ይቀራል።

ሲገዙ ማረጋገጥ ያለብዎት ዋናው ነገር መሣሪያው ኢንተርኔት ሳይኖር ለክቶ፣ በራሱ መስኮት ላይ ቁጥሩን አሳይቶ፣ በራሱ ውስጥ ማስቀመጡን ነው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ያስቀመጠውን የሚልክ ከሆነ ይግዙት። አፑ ካልተከፈተ አልለካም የሚል ከሆነ በማንኛውም ዋጋ ይተዉት።

የራሱ ሲም ያለው

ውጭ አገር ለአረጋውያን በጣም የሚመከረው ይህ ነው፤ ስልክ አይፈልግም፣ ለክቶ በራሱ ይልካል። ለኛ ግን ገና አይመችም። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት ውስጣቸው ያለው ሲም ብዙውን ጊዜ ከዚያው አገር ኔትወርክ ጋር የተዋዋለ ነው፤ የሚልከውም ወርኃዊ ክፍያ ወደሚጠይቅ ድርጅት ነው። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ቡሬ ሲደርስ ይለካል፣ አይልክም። በኢትዮ ቴሌኮም ወይም በሳፋሪኮም ሲም የሚሠራ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋገጠ ሻጭና ቁጥሩን የሚከታተል ክሊኒክ አብረው ካልመጡ በስተቀር ገንዘቡ ለመድኃኒትና ለምርመራ ቢውል ይሻላል።

የልብ ምት መጻፊያዎች

እነዚህ ለልብ ድካም ክትትል ሳይሆን፣ ልቡ ድንገት የሚፈጥንበትና የሚዘበራረቅበት፣ ቀጠሮው ቀን ግን ኢሲጂው ጤነኛ ለሚሆንበት ሰው ናቸው። ካርዲያሞባይል የተባለችው፣ በአሜሪካ ወደ 80 ዶላር የምትሸጠው ትንሽ ሰሌዳ፣ ሁለት እጅ ጣቶች ለ30 ሰከንድ ሲያርፉባት አንድ መስመር ኢሲጂ ትጽፋለች። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን፣ ደም ረግቶ ወደ አንጎል እንዲሄድ የሚያደርገውን የምት መዛባት ለመያዝ ጠቃሚ ናት። ባለ አንድ መስመሯ ከስልኩ ጋር የምትነጋገረው በብሉቱዝ ሳይሆን ለጆሮ በማይሰማ ድምፅ ስለሆነ ወፍጮ ቤት አጠገብ ወይም ቴሌቪዥን እየጮኸ አትሠራም፤ ከስልኩ ማይክሮፎን አጠገብ ትሁን። የምትጠቀመው ሲአር2016 የተባለ ክብ ባትሪ በየሱቁ ስለማይገኝ የሚልክልዎት ሰው ሁለት መለዋወጫ ይጨምርበት። እጅ ከደረቀ ወይም ከተንቀጠቀጠ መስመሩ ይዘበራረቃል፤ ጣቶቹን በውኃ ረጠብ አድርገው፣ ክንዶቹን ጭን ላይ አሳርፈው ይሞክሩ።

ሰዓቶቹ ላይ ኢሲጂ የሚከፈተው በየአገሩ ፈቃድ ስለሆነ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ መክፈቱን ሳያረጋግጡ ለዚያ ብለው አይግዙ። አንድ ነገር ግን ሊታወቅ ይገባል፦ ሰሌዳውም ሆነ ሰዓቱ «ጤነኛ ምት» ቢል የልብ ጥቃት፣ ማለትም የልብ ደም ሥር መዘጋት፣ የለም ማለት አይደለም። ደረቱን የሚጨምቅ ሕመም የያዘው ሰው በነዚህ እየተለካ ጊዜ አያጥፋ።

የጣት ኦክስጅን መለኪያ

ርካሽ ናት፣ ብዙ ቤት ገብታለች፣ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት አስደንግጣለች። ምክንያቱ ከፍታው ነው። የማሽኑ ወረቀት ላይ የተጻፈው «ከ95 በታች ችግር ነው» የሚለው ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር፣ እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በደጋው ጤነኛ ሰው 92 ወይም 93 ቢያሳይ አያስደንቅም። ሕመምተኛው ደህና በሆነባቸው 7 ቀናት በተቀመጠበት ለክተው የራሱን መደበኛ ቁጥር ይያዙ፤ ከዚያ በ3 ወይም በ4 ዝቅ ካለ፣ ወይም ከ90 በታች ሆኖ ከቆየ ይደውሉ።

ከጮቄ ሥር ባለ ጠዋት የቀዘቀዘ ጣት ትክክለኛ ቁጥር አይሰጥም፤ እጁን አሙቀው ይለኩ። ጥፍር ላይ ያለ ቀለምና እንሶስላ መብራቱን ሊያዛባው ስለሚችል እንሶስላ ያልነካው ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ይፈለግ። ጥቁር ቆዳ ላይ እነዚህ መለኪያዎች ከእውነተኛው ከፍ አድርገው ሊያሳዩ እንደሚችሉ ታውቋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውዬው ትንፋሽ ካጠረው የሚታመነው ትንፋሹ ነው።

ሰውነት ውስጥ ስለሚቀመጡት ባጭሩ፦ የሳንባ ደም ሥር ውስጥ ሆኖ ግፊት የሚለካው ካርዲዮሜምስ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል፤ ለኛ የቤት ምርጫ ውስጥ የሚገባ አይደለም። ፔስሜከር ያለው ሰው ግን መሣሪያው ከቤት የሚላክ መረጃ ቢኖረውም የሚቀበለው ክሊኒክ ከሌለ የአልጋ ዳር ማስተላለፊያው ጌጥ ስለሆነ፣ ቀጠሮውን ጠብቆ ባትሪውን ማስመርመሩ ይበልጥበታል።

እንደ ሕመሙ ሲመረጥ

ለልብ ድካም፦ ሚዛን መጀመሪያ፣ ግፊት መለኪያ ቀጥሎ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ። ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ሚዛኑን ይግዙ። ክብደት መጨመር ብቻ ሳይሆን መቀነስም ይታይ፤ ተቅማጥ ይዞት ወይም በጾም ብዙ ሰዓት ሳይጠጣ ቆይቶ 2 ኪሎ የቀነሰና ሲነሣ የሚያዞረው ሰው የሚያሸናው ኪኒን በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ዐቢይ ጾም ሲገባ የኪኒን ሰዓት ወደ 9 ሰዓት ከመገፋቱ በፊት ሐኪሙ ይጠየቅ።

ለደም ግፊት ብቻ፦ የተፈተነ የክንድ መለኪያና ደብተር ይበቃል። በየቀኑ መለካትም አያስፈልግም፤ ከቀጠሮ በፊት ያለው አንድ ሳምንት ይለካ።

ከልብ ደም ሥር መዘጋት ለተረፈ ሰው፦ ግፊትና ምት፤ የተረጋጋ ምቱ ከ50 በታች ወይም ከ120 በላይ ከሆነ ይደወል። አቴኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል የሚወስድ ሰው ምቱ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ስለሆነ ወሰኑን ሐኪሙ ይጻፍ።

ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ቫልቭን የሚያበላሸው ሩማቲክ የልብ ሕመም ላለባቸው፣ በጎጃምም ብዙ ወጣቶችንና እናቶችን ለያዘው፣ የምንለው ጠንከር ያለ ነው፦ ገንዘባችሁ ለመሣሪያ ከመውጣቱ በፊት መርፌው አይቋረጥ። ቤንዛታይን ፔኒሲሊን በየ4 ሳምንቱ፣ ለአንዳንዱ በየ3 ሳምንቱ ነው፤ ለአዋቂ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት። ለዚህ የሚያስፈልገው «ዘመናዊ መሣሪያ» በስልክ ላይ የተሞላ ማስታወሻና ከጤና ጣቢያው መድኃኒቱ መኖሩን ሦስት ቀን ቀድሞ የሚያጣራ ሰው ነው። ቫልቩ በጣም የተጎዳበት ሰው በባዶ ሆዱ ቆሞ አይወጋ፤ በልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ተኝቶ ይወጋ፣ መርፌው መቀጠል እንዳለበትም ሐኪሙ ይጠየቅ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሩማቲክ ታማሚ በቤት ክትትል ብቻ አትያዝ።

ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው የቤት አይኤንአር መለኪያ (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳይ) ሊመኝ ይችላል። ማሽኑ ይሠራል፤ የሚከብደው ወረቀቱ ነው። ወረቀቶቹ ውድ ናቸው፣ የሚያበቁበት ቀን አላቸው፣ የታወቀው ማሽን የኮአጉቼክ ወረቀቶች ደግሞ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ መቀመጥ ስላለባቸው በዐባይ በረሃ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የተጓዘ ሻንጣ ውስጥ ከቆዩ አይመኑአቸው። ቋሚ የወረቀት ምንጭ ከሌለ በሆስፒታል ላቦራቶሪ መለካቱ ይሻላል። የብዙ ሰው ግብ ከ2 እስከ 3፣ የሚትራል ብረት ቫልቭ ላለው ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። በጾም ወራት ጎመን በየቀኑ ሲበላ ቁጥሩ ይወርዳል፣ በፍስክ ጎመኑ ሲቀር ይወጣል። ጎመን አይከልከል፣ መጠኑ ዓመቱን ሙሉ አይዋዥቅ፤ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንትና በተፈታ በሁለተኛው ሳምንት ደም ይታይ።

መለካት የሚቆምበት ጊዜ

ደረት ላይ የተጫነ ሕመም፣ ተኝቶ መተንፈስ አለመቻል፣ ራስን መሳት፣ አንድ የሰውነት ወገን መስነፍ ወይም አንደበት መያዝ፣ አረፋ ያለው ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ከታየ ሚዛንና ግፊት መለኪያ አይፈለግ። ግፊቱ 180 በ120 ሆኖ ከነዚህ አንዱ አብሮት ካለም እንደዚያው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የወረዳውን አምቡላንስ ሾፌርና የጤና ጣቢያውን ስልክ ግን ዛሬውኑ በደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ይጻፉ። ሕመምተኛው ሲጓዝ ቀና ብሎ፣ ጀርባው ተደግፎ ይቀመጥ እንጂ በጀርባው አይተኛ። ደብተሩ፣ የሚወስዳቸው ኪኒኖች ከነካርቶናቸውና ግፊት መለኪያው አብረው ይሂዱ፤ ተቀባዩ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው የትናንቱን ክብደትና ጠዋት የተዋጠውን ኪኒን ነው።